ከተገኘው ይቅረብለት

ጥፋቱ የኔ ነው። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው ትሑት ስለሆንኩ አይደለም፤ እኔ ካልተናገርኩት ጎረቤቶቼ ስለሚናገሩት ነው። እነሱ ሲናገሩት ደግሞ ይረዝማል።

ሥራዬ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ አንድ ጠባብ ቢሮ አለችን፤ እዚያ ከማራገቢያ ሥር ተቀምጬ እውላለሁ። ቤቴ ግን ሙስሊሙ የሚበዛበት መጋላ ሰፈር ነው። አባቴ ለባቡር ሥራ ከመንዝ ወርዶ መጋላ ቤት ያዘ፤ ሙቀቱን በመጀመሪያው ሳምንት ረገመው፣ በሁለተኛው ለመደው፣ በሦስተኛው ደጋ አልመለስም ብሎ ቀረ። እኔም ተወልጄ ያደግሁት እዚያው ነው።

ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን ኤዶ ኸድራ ናት። ኤዶ ማለት በሶማሊኛ የአባት እህት ማለት ነው። ኤዶ ኸድራ ግን የአባቴ እህት አይደለችም። ሶማሌም አይደለችም፤ እናቷ ሐረሪ፣ አባቷ ኦሮሞ ናቸው። ታዲያ ኤዶ የሚለውን ማን አወጣላት ብትሉ፣ ሰፈሩ ረስቶታል። መጠሪያው ሌላ፣ ሴትዮዋ ሌላ፤ ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ወደ በኋላ ትጠቅመናለች። ደግሞ “አንቺ” ነው የምላት። የአዲስ አበባ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። ምን እናድርግ፣ “እርስዎ” ወፍራም ልብስ ነው፤ ለድሬ ይሞቃል።

የኤዶ የመጨረሻ ልጅ ሒክማ ልታገባ ሆነ። ቀኑ ዓርብ ተቆረጠ፤ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ምሳ ሊበላ። ዓርብ ለኤዶ የበረከት ቀን ነው፣ ለእናቴ የጾም ቀን ነው፤ በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ግን ያው አንድ ግድግዳ ነው። ስለዚህ ዓርብ ድግስ ሲኖር ወጥ የሚሠራው በሁለት ጓሮ ነው። ሩዙና የፍየል ሥጋው በኤዶ ጓሮ፣ ምስሩና ሽሮው በእናቴ ጓሮ በእናቴ ድስት። ሦስተኛ ወገንም አለ፦ ስኳር በሽታ ያለባቸው፣ ጣፋጩ ሐልዋ ሲመጣ ቀና ብለው ጣራ የሚያዩ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ዝም ብሎ አልመጣም። ኤዶ የመጀመሪያ ልጇን ስትድር እኔ ተማሪ ነበርኩ። ያ ቀንም ዓርብ ነበር። ሰፈሩን የማያውቅ አንድ አስተናጋጅ አባቴ ፊት ሩዝ በሥጋ አስቀመጠ። አባቴ ሳህኑን አየ፣ አስተናጋጁን አየ፣ ከዚያ “በልቼ ነው የመጣሁት” አለ። እስከ መጨረሻው ተቀምጦ፣ መርቆ፣ ወጥቶ ቤት ሲደርስ ድርቆሽ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ኤዶ ይህን በማግስቱ ከእናቴ ስትሰማ አለቀሰች። ከቤቴ ጦሙን የወጣ ሰው አለ እያለች ስንት ዓመት ተቆጨች። አባቴ ካረፈ በኋላም ስሙ ሲነሣ መጀመሪያ የሚመጣባት ያ ሳህን ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ችግር መጣ። ሙሽራው ከከተማው ወጣ ብላ ባለች፣ ሙስሊም በሚበዛባት ቢዮ አዋሌ የሚያስተምር ልጅ ነው፤ ወገኑ ከዚያ በሚኒባስ ተጭኖ ይመጣል። የራሷን ሰው ኤዶ አንድ በአንድ ታውቃለች። የሙሽራውን ወገን ግን አታውቅም። ሦስት መቶ ምናምን ሰው መሃል እንደ አባቴ ያለ አንድ ዝምተኛ ቢኖርስ ብላ እንቅልፍ አጣች። ይህንን ለእናቴ ስታወራ እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። ዝም ብል ማን ይከሰኛል? “ኮምፒውተር ይሠራዋል” አልኩ።

አሁን ሙያዬን በትንሹ ላስረዳችሁ። አትሽሹ፣ አጭር ነው። ፕሮግራም ስንጽፍ ነገሮችን በዓይነት በዓይነት እንከፍላለን፤ ዓይነቱን ክላስ እንለዋለን። እኔ መጀመሪያ “እንግዳ” የሚባል ክላስ ጻፍኩ። እንግዳ ስም አለው፣ “ምን ይቅረብልህ?” ሲሉት ይመልሳል። ከእንግዳ ሥር ልጆች ወለድኩለት፦ ሙስሊም እንግዳ፣ ጾመኛ እንግዳ፣ ስኳር ያለበት እንግዳ። ልጆቹ ሁሉ እንግዶች ናቸው፤ ግን ለዚያች ጥያቄ ሁሉም የየራሳቸው መልስ አላቸው። የአባቴ የሥራ ጓደኛ ጋሽ ተፈራ ጾመኛም ነው፣ ስኳርም አለበት፤ ለሱ ብቻ ሁለት አባት ያለው ልጅ መውለድ ነበረብኝ። ሙያው ይፈቅዳል፣ ሰፈሩ እንዳይሰማ እንጂ።

አባትየው ክላስ፣ ማለት ባዶው እንግዳ፣ “ምን ይቅረብልህ?” ሲባል ምን ይበል? ማንም ባዶ እንግዳ ሆኖ ስለማይመጣ መልሱ አያስፈልግም ነበር። እኔ ግን ቀልደኛ ነኝ። “ከተገኘው ይቅረብለት” ብዬ ጻፍኩ። ሰው በገዛ እጁ ጉድጓድ የሚቆፍረው እየሳቀ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ከተማው በሩን ዘግቶ ሽርጡን ታጥቆ በሚጋደምበት ሰዓት፣ እኔም በሽርጤ የኤዶ በረንዳ ላይ ላፕቶፔን ከፍቼ ሙከራ ጀመርኩ። የእናቴን ስም ጻፍኩ። “ከተገኘው ይቅረብለት” አለ። የጋሽ ተፈራን ጻፍኩ። “ከተገኘው ይቅረብለት።” የመስጊዱን ኢማም ጻፍኩ። ለኢማሙም ከተገኘው! ላቤ ከሙቀቱ ቀደመ።

ለእንዲህ ያለው ቀን ዲበገር የሚባል መሣሪያ አለን። ዲበገር የሚሮጥን ፕሮግራም መሃል መንገድ ላይ ያስቆምና ኪሱን ይበረብራል፤ ምን ይዘሃል፣ ከየት አመጣኸው ይለዋል። እኔም ፕሮግራሙን የእናቴ ስም ላይ አስቁሜ ይህች ማን ናት ብዬ ጠየቅሁ። “እንግዳ” አለኝ። ጋሽ ተፈራስ? “እንግዳ።” ኢማሙስ? “እንግዳ።”

ገባኝ አልኩ። ሙያውን የማያውቅ አይገባውም፣ እኔ ግን ገባኝ። አንዳንድ ዲበገር መዝገብ ላይ የተጻፈውን ዓይነት ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ሰውዬው በሩጫው ሰዓት በእርግጥ ምን እንደሆነ አይመረምርም። መዝገቡ “ኤዶ” ስላለ የአባት እህት ናት ብሎ እንደሚያምን ሰው ነው። ለዚህ ደግሞ መፍትሔ አለው፤ “የተጻፈውን ተወው፣ እውነተኛውን ዓይነት አሳየኝ” የሚባል ትእዛዝ። ትእዛዙን ፈልጌ አገኘሁት፣ አበራሁት፣ እጄን አሻሽቼ እንደገና ጠየቅሁ። “እንግዳ” አለኝ፤ አሁን ደግሞ በሙሉ ልብ።

ዲበገሩን ሰደብኩት። ጮክ ብዬ ሳይሆን አይቀርም፣ ኤዶ ከጓሮ ሳምቡሳ ይዛ መጣች። ማንን ነው የምትሰድበው አለች። አስረዳኋት። ይሄ የበር ዘበኛ ማለት ነው፣ እያንዳንዱን ሰው ማን እንደሆነ እጠይቀዋለሁ፣ እሱ ግን ሁሉንም እንግዳ ይለኛል አልኳት። አጠገቤ ተቀመጠችና እስቲ የኔን ስም ጻፍ አለች። ጻፍኩ። ኤዶ መነጽሯን አድርጋ ፊደሉን አንድ በአንድ አነበበችው።

“ወሪያ፣ አንተ ልጅ፣ በገዛ ቤቴ እንግዳ?” አለች። “ደግሞ ከተገኘው?”

“ዘበኛው ይዋሻል፣ ኤዶ።”

“እውነቱን እየነገረህ ቢሆንስ?”

ለመሳቅ አፌን ከፈትኩ፤ ከፍቼው ቀረሁ። ሳምቡሳው እጄ ላይ ቀዘቀዘ። በድሬ ሙቀት ሳምቡሳ እስኪቀዘቅዝ ማለት ምን ያህል እንደፈዘዝኩ ገምቱ።

እውነቱን ነበር የሚነግረኝ። እንግዶቹን የማስቀምጥበትን ዝርዝር በባዶ እንግዳ ልክ በተሰፉ ከረጢቶች ነበር የሠራሁት። እናቴ ጾመኛ ሆና ትመጣለች፣ ከረጢቱ ውስጥ ስትገባ የእንግድነቷ ያህል ብቻ ይገባና ጾሟ ደጅ ይቀራል። ኢማሙም እንዲሁ፣ ኤዶም እንዲሁ። ሁሉም በር ላይ ተከርክመው ነው የገቡት። ዲበገሩ ምን ያድርግ? የሌለውን ጾም ከየት አምጥቶ ያሳየኝ? ይህ ስሕተት ጀማሪ የሚሠራው ስሕተት ነው። እኔ ጀማሪዎችን አስተምራለሁ።

አስተካከልኩት። ሰዎቹን ከረጢት ውስጥ ማጨቁን ትቼ አድራሻቸውን ብቻ ያዝኩ፤ ሰውዬው ራሱ ሳይከረከም በቦታው ይቀመጣል። ያችን ትእዛዝ እንዳበራሁ ዲበገሩን ጠየቅሁት። እናቴ? “ጾመኛ እንግዳ።” ኢማሙ? “ሙስሊም እንግዳ።” ጋሽ ተፈራ? ሁለቱንም አባቶቹን ጠራ። ብድግ ብዬ ስጨፍር ሽርጤ ሊፈታ ሆነና ቁጭ አልኩ። ኤዶ ልጅ ሳለሁ ታየኝ እንደነበረው አየችኝና ሳምቡሳህን ብላ አለችኝ።

አንድ ነገር ግን አልነገርኳትም። የሙሽራውን ወገን በስልክ እየደወልኩ ነበር የመዘገብኩት፤ ግማሹ ስልክ አላነሣም። ያላነሡትን ምን ላድርጋቸው? ስማቸውን አየሁ። ገመቹ፣ ቶለሳ፣ ቦንቱ። እንዲህ ያለ ስም ሙስሊምም አለው፣ ክርስቲያንም አለው፤ ስሙ ምንም አይናገርም። የዝርዝሩ ገጽ ራስጌ ላይ “ቢዮ አዋሌ” ይላል። እንግዲያው ሁሉም ሙስሊም ናቸው ብዬ ጻፍኩና አለፍኩ። መጋላ ውስጥ ተወልዶ ያደገ ክርስቲያን፣ ሰውን በሰፈሩ ፈረደ። እንደኔ ያለው ምን ይባላል?

ዓርብ ደረሰ። ድንኳኑ መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዞታል፤ ባጃጆች እየመጡ፣ እያዩ፣ እየመረቁ ይዞራሉ። እኔ ከነከረባቴ በር ላይ ተቀምጫለሁ። ስም እጽፋለሁ፣ ማሽኑ ይመልሳል፣ ካርድ እሰጣለሁ። ሥጋ ለሚበላ ቀይ፣ ለጾመኛ አረንጓዴ፣ ስኳር ላለበት ቢጫ። ቀይ ካርድ የተሰጠው ሁሉ ምን አጠፋሁ ይለኛል። ጋሽ ተፈራ አረንጓዴም ቢጫም ሲደርሰው በዚህ ዕድሜዬ ማስጠንቀቂያ አለ። ከዚያ በቀር ነገሩ እንደ ውሃ ይፈስ ነበር። ኩራት ተሰማኝ፤ እንዲያውም ሁለት ሰው ይህን ፕሮግራም ለኛም ሠርግ ብሎ ጠየቀኝ፤ ቀጠሮ መስጠት ጀምሬ ነበር።

የሚገባው ሰው ሲሳሳ የሥራዬን ፍሬ ልይ ብዬ ወደ ውስጥ ዘለቅሁ። ጥግ ላይ አንድ ሰው ተቀምጧል። ሱፍ ለብሷል፣ ከረባቱን እስከ አንገቱ አጥብቋል። ከቢዮ አዋሌው ሚኒባስ ሲወርድ አስታውሰዋለሁ፤ ቶለሳ ይባላል፣ ከሙሽራው ጋር ያስተምራል። ፊቱ የሩዝ ተራራ፣ ከተራራው አናት የፍየል ጎድን። ሩዙን በማንኪያ ከግራ ወደ ቀኝ ያሻግራል፣ ከዚያ ከቀኝ ወደ ግራ ይመልሰዋል። ሥጋውን እንዳይነቃበት እንደሚፈራው ውሻ በሩቁ ይዞረዋል። አንዷ አስተናጋጅ ጠጋ ብላ ለምን አትበላም አለችው።

“በልቼ ነው የመጣሁት” አለ።

ያችን ቃል አውቃታለሁ። አባቴ ያንኑ ድምፅ፣ ያንኑ ፈገግታ ይዞ እዚያ ጥግ የተቀመጠ መሰለኝ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ወደ ሰውዬው ትሄዳላችሁ። እኔ ወደ ላፕቶፑ ሮጥኩ። ዲበገሩን ከፈትኩና ቶለሳ ላይ አቆምኩት። እውነተኛውን ዓይነት አሳየኝ አልኩት። “ሙስሊም እንግዳ” አለኝ ያለ ምንም ማመንታት። ዲበገሩ አሁንም አልዋሸም። ዲበገር የሚያየው እኔ የፈጠርኩትን ነው፤ እግዚአብሔር የፈጠረውን አይደለም።

ኤዶን ከሴቶቹ መሃል ጠርቼ እውነቱን ነገርኳት፤ ስልኩንም፣ ግምቱንም። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ወደ ጥጉ ዞራ ሳህኑን አየች። ሄጄ ልጠይቀው ወይ አልኳት።

“ምን ብለህ? ሃይማኖትህ ምንድነው ብለህ? በልጄ ሠርግ?”

“ታዲያ በምን ይታወቃል?”

“እንብላ በለው” አለች።

ከእናቴ ጓሮ ምስርና ሽሮ የፈሰሰበት እንጀራ በትልቅ ሳህን አስመጣችና እጄ ላይ አስቀመጠችው። አጠገቡ ተቀመጥ፣ አንተ ብላ፣ ከዚያ እንብላ በለው፤ የቀረውን በአፉ ሳይሆን በእጁ ይነግርሃል አለችኝ። ካርድ የለ፣ ማሽን የለ።

ሄጄ ተቀመጥኩ። ሰላም ተባባልን። አንድ ጊዜ ጎረስኩ፣ ሁለተኛም ጎረስኩ። ያን ያህል ፈርቼ የጎረስኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። “እንብላ” አልኩት። ሳህኑን አየ። ከዚያ እኔን አየ። “የጾም ነው?” አለ በቀስታ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። የእናቴ እጅ ነው፣ ጎረቤት ነን፣ ዓርብ ዓርብ እንዲህ ነው የሚደገሰው አልኩት። የሩዙን ሳህን በአክብሮት ወደ ጎን አደረገና እጁን ሰደደ። ሲጎርስ ጎንበስ አለ፤ ከረባቱ ሸሸት ሲል ጥቁር ማተቡ ብቅ አለ። ድሮም እዚያው ነበር፤ ከከረባቱ ሥር።

ከጠዋት ጀምሮ በመንገድ ላይ ስለነበር እህል አልቀመሰም። ሦስት ጊዜ አስጨመረ። ሦስተኛው ላይ ምስሩን ማን እንደሠራው ጠየቀና እናቴን መረቃት። ሩዙንም አንድ የቢዮ አዋሌ ሽማግሌ ተረክቦ አስተካከለው፤ እንዲያውም ማሽኑ ለሱ ሁለት ሳህን ያዘዘለት መስሎት አመሰገነኝ።

ኤዶ ከድንኳኑ ምሰሶ ጋር ቆማ ታየን ነበር። ቶለሳ ጣቱን ሲልስ አይታ ዓይኗን በሻሿ ጠረገች፤ ጢስ ነው እንዳትል ጢስ አልነበረም። እኔ ወደ በሩ ተመልሼ አንገቴን ደፍቼ ላፕቶፑን ስዘጋ መጣች።

“ቆይ፣ አትዝጋው” አለች። “አንተን ምን ይልሃል?”

እኔን? ስሜን ጻፍኩ። ማሽኑ አሰበና “አልተገኘም” አለ። እንደገና ጻፍኩ። “አልተገኘም።” ዲበገሩን ጠየቅሁት፤ ባዶ ቦታ አሳየኝ። ሦስት መቶ ምናምን ሰው ስጠራ ራሴን ሳልጠራ ቀርቻለሁ።

“ኤዶ፣ እኔ ዝርዝሩ ውስጥ የለሁም” አልኳት።

“አዎ፣ የለህም። አባትህ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ነው ነገሩ የተበላሸው” አለች። “እንግዳ አድርገን አስቀመጥነው፣ እንግዳ ሆኖ አፈረ። እንደ ቤት ሰው ብንይዘው ኖሮ፣ ኸድራ ዛሬ እኮ ዓርብ ነው ብሎ ይጮህብኝ ነበር።” ላፕቶፑን ራሷ ከደነችው። “የቤት ልጅ አይጻፍም። ተነሥ አቦ፣ ማስታጠቢያውን ያዝ።”

ወንበሬ ላይ እሷ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ የመጣውን እንግዳ ሁሉ ሰላም እያለች፣ እናቱን እየጠየቀች፣ እጁን ይዛ ራሷ አስገባች፤ አንድም አልተሳሳተችም። እኔ ጆጉንና ሳህኑን ይዤ ከጥግ ጀመርኩ። ቶለሳ እጁን ዘረጋና የማን ወገን ነህ፣ የሙሽራው ነህ ወይስ የሙሽሪት ብሎ ጠየቀኝ።

“የቤት ነኝ” አልኩትና ውሃውን ለቀቅሁት። ግማሹ እጁ ላይ፣ ግማሹ ጫማው ላይ ወረደ።

ምንም አይደለም ብሎ ፈገግ ይላል ብዬ ጠበቅሁ። ቶለሳ ግን እግሩን ሰብስቦ፣ ድንኳኑ ሁሉ እስኪሰማ “ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ጫማዬን!” ብሎ ጮኸብኝ። ኤዶ ከበር ላይ ሰምታ ሳቀች፤ እኔም እንደዚያ ቀን ሰው ሲጮህብኝ ደስ ብሎኝ አያውቅም።